መውጫ በሌለው ውሃ ዳር ማደር

ከቆቦ ተነስቶ ሐይቅ የሚፈልግ ሰው ሽቅብ መውጣት አለበት። ነገሩ ግራ ያጋባል። ውሃ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ዳገት አይወጣም፤ የራያ ሜዳ ደግሞ ከምዕራብ በላስታ ተራሮች፣ ከምሥራቅ በዞብል ሰንሰለት የታጠረ ጎድጓዳ መሬት ነው። ክረምት ሲገባ ከላስታ ድንጋይ እያንከባለለ የሚወርደው ጎርፍ የሚያርፈው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። እንግዲህ ሐይቅ ይኑር ከተባለ ቦታው ይኸው ነበር፤ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ በሚቆምበት በሮቢትና በጎብዬ፣ በቆቦና በዋጃ መካከል። ግን የለም። ሐይቁ ያለው ከአላማጣ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን ዳገት ወጥተን፣ ኮረምን አልፈን፣ ከሜዳው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው። ስሙ አሸንጌ ይባላል።

ይህ ምዕራፍ አሸንጌ ዳር ድንኳን ተክሎ ስለ ማደር ነው። ድንኳኑ ግን ትንሽ ይቆየን። አንድ ውሃ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ያልገባው ሰው ዳሩ ላይ እንዴት ማደር እንዳለበት አይገባውም፤ እኔ የማምነው እንዲህ ነው።

የአፋር ዝቅታ እየሰመጠ የመጣው በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው። ደጋው በአንድ ጊዜ አልተገነጠለም። ጠርዙ እየተሰነጠቀ፣ ቁርጥራጭ እየሆነ ወደ ምሥራቅ ወረደ። ቁርጥራጮቹ ሲወርዱ ደግሞ ቀጥ ብለው አልተቀመጡም፤ ግንበኛው ያዛነፈው ደረጃ ወደ ውስጥ አዘንብሎ ዝናብ እንደሚያቁረው ሁሉ፣ ብዙዎቹ አዘንብለው ከኋላቸው ረጅም ገንዳ ተዉ። ከማይጨው እስከ ኮምቦልቻ ያለውን አገር በዚህ ዓይን ማየት ነው። የማይጨው ሜዳ አንድ ገንዳ ነው። አሸንጌ ሌላ ነው። የራያና የቆቦ ሜዳ ትልቁ ነው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሐይቅና አርድቦ፣ ከዚያም የቦርከና ሸለቆ ይከተላሉ። ዞብል እንግዲህ ራሱን የቻለ ተራራ ሳይሆን የአንዱ ደረጃ ጫፍ ነው፤ ከእሱ ወዲያ አፋር ነው።

ታዲያ አሸንጌ ውሃ ሲይዝ ትልቁ የራያ ገንዳ ለምን ባዶ ሆነ? ባዶስ አልሆነም። ሆርማትና ጎሊናን የመሳሰሉ ወንዞች ከገደሉ ሥር ሲደርሱ የመሬቱ ተዳፋት በድንገት ይላላል። ጉልበታቸው ሲደክም የተሸከሙትን ይጥላሉ፤ መጀመሪያ ቋጥኙን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያ አሸዋውን፣ በመጨረሻም ገበሬው የሚወደውን ደለል። ይህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደራረብ ገንዳው በጠጠርና በደለል ሞላ። ዛሬ የሚመጣው ውሃም ከፊሉ በዚያ ጠጠር ውስጥ ይሰርጋል፣ ከፊሉ ምሥራቁን ተራራ ሰንጥቆ ወደ አፋር ያመልጣል። የራያ ሐይቅ ከመሬት በታች ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈረ ሜዳውን በመስኖ ማልማት የቻለው ይህ ውሃ ስላለ ነው። ቆቦ ገበያ ላይ በበጋ ተቆልሎ የሚታየው ሽንኩርትና ቲማቲም የዚሁ የተደበቀ ሐይቅ ፍሬ ነው። ከዚያ በፊትም የአገሩ ገበሬ ጎርፉን ከወንዙ አፍ ላይ እየጠለፈ ወደ ማሳው ማስገባት ያውቅበት ነበር፤ አሁንም ያውቅበታል።

አሸንጌ ጋ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ገንዳው ትንሽ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ተራሮች ቅርብ ናቸው፤ በደለል የሚሞላው ትልቅ ወንዝ የለውም። ውሃው ላይ ቀረ። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ከአሸንጌ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ውሃ የሚወጣው ወደ ሰማይ በትነት፣ ጥቂቱም በድንጋይ ስንጥቅ ሰርጎ ነው። ውሃው ሲተን የተሸከመውን ይዞ አይሄድም። ጨው፣ አፈር፣ ፍግ፣ ሳሙና ሁሉም ኋላ ይቀራል።

ከቆቦ አላማጣ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ከአላማጣ እስከ ኮረም ያለው ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ1,500 ሜትር ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ግራት ካሕሱ የሚባለው ዳገት ነው። መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ ጥምዝምዙን ሲዞር አንዴ ገደሉ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይሆናል። ዞር ብሎ ላየ የራያ ሜዳ እስከ ዞብል ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ የሆርማትን ዓይነት ወንዞች አሸዋማ መስመር ከላይ ሆኖ መለየት ይቻላል። ከላይ ያወራሁት የገንዳና የደለል ነገር በአንድ ዓይን የሚታየው እዚህ ነውና ሾፌሩን ለምኖ አንድ ጊዜ ማስቆም ይገባል። አሁን በመኾኒ በኩል ሌላ አስፋልት ስላለ ከባድ መኪናው የሚመርጠው ያንን ነው። ለእኛ ጥሩ ሆነ።

በየ100 ሜትሩ ከፍታ አየሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። አንድ ሺህ ሜትር ስንወጣ እንግዲህ ስድስት ዲግሪ ያህል ጥለን መጣን ማለት ነው። ቆቦ ላይ ነጠላ የከበደው ሰው ኮረም ላይ ጋቢ ይፈልጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ውርጭ አለ። ከዳገቱ ጋር የሚወጣው ደን፣ ሁጉምብርዳ ግራት ካሕሱ የሚባለው፣ ከሰሜን ኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች ከተረፉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ጽድና ወይራው አሁንም ቆሟል። በሌላ አገር ቢሆን ይህ ደንና ያ ሐይቅ አንድ ላይ ታጥረው ፓርክ ይባሉ ነበር፤ በር ላይ ቲኬት ይቆረጥ፣ የድንኳን ቦታው በቁጥር ይሰጥ ነበር። እዚህ ደኑ በጥብቅ ደንነት ተይዟል፤ ሐይቁ ግን የገበሬና የከብት ነው። የድንኳን ቦታ፣ መጸዳጃ፣ ጥበቃ፣ ምልክት የሚባል ነገር አትጠብቁ። ድንኳን ተክሎ ማደር በሥርዓት የሚቻልባቸውን የአገራችንን ቦታዎች ለሚፈልግ የሰሜን ተራሮቹ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ አሉ፤ ሐይቅ ያለበት ፓርክ ለሚፈልግም አብያታ ሻላና ነጭ ሳር አሉ። አሸንጌ የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ጸጥታ።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራው 25 ሜትር ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ውሃውን ሲያንገላታው ይውላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይተወዋል። ያን ጊዜ ነው ወፎቹ የሚታዩት። ግንባራቸው ላይ ነጭ ገበታ፣ ከገበታው በላይ ሁለት ቀይ እባጭ ያላቸው ጥቋቁር የውሃ ወፎች በብዛት ይዋኛሉ። ሲደነግጡ ወዲያው አይበሩም፤ ውሃውን በእግራቸው እየደበደቡ ብዙ ርቀት ሮጠው ነው የሚነሱት፤ ድምፁ ከማዶ ይሰማል። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ የአውሮፓና የእስያ ብርድ ያባረራቸው ዳክዬዎች ይደርሳሉ። ከእነሱ መካከል ምንቃሩ ጫፉ ላይ የሰፋውን ፈልጉት። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ምንቃሩን ውሃው ላይ እያስኬደ ያጠራል፤ ደቃቁን ነገር ያስቀራል፤ ውሃውን በጎን ይለቀዋል። እንግዲህ ይህ ወፍ የሚኖረው በሐይቁ ውስጥ ባለው ደቃቅ ነገር ነው። የውሃው ጤና ሲዛባ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው።

መውጫ የሌለው ውሃ መዝገብም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከአሸንጌ ወለል በወጣ ጭቃ ላይ ያለፉትን 17 ሺህ ዓመታት የአየር ንብረት አንብቧል። ተመራማሪዎቹ ያዩት በዓይን የማይታዩ፣ ቅርፊታቸው የመስታወት ዓይነት የሆነ የውሃ ውስጥ ሕዋሳትን ነው። አንዳንዱ ዝርያ ጨዋማና ጥልቀት የሌለው ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጥልቅና ለስላሳ ውሃ። ሲሞቱ ወለሉ ላይ ይደራረባሉ። ጭቃው በንብርብር ሲታይ ዝናቡ የበዛበት ዘመንና ድርቅ የገባበት ዘመን ተለይቶ ይወጣል። የራያ ሰው በአያቱ ትውስታ የሚቆጥረው ድርቅ እዚያ ጭቃ ውስጥ ከብዙ ታላላቆቹ ጋር ተጽፎ ተቀምጧል።

ያስቀመጡት ሁሉ የሚቀር ለመሆኑ ከአሸንጌ ይልቅ የተሻለው ምስክር ደቡብ ወሎ ያለው ዘመዱ፣ ሐይቅ ነው። ስሙም ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል፤ ውሃው ስለጎደለ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟል። (ወደ ገዳሙ ሴት አይገባም፤ እህቶች ከውጭ ነው የሚሳለሙት።) ሐይቁ እስከ 88 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት እንዳለው የተለካ፣ በጥራቱ የታወቀ ውሃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ ዓሣ ተለቀቀበት። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሕዝቡ ዓሣ ይብላ ነው። ዓሣው ግን ውሃውን የሚያጠሩትን ደቃቅ እንስሳት ተመገባቸው፤ እነሱ ሲመናመኑ ይበሉት የነበረው አረንጓዴ ነገር በዛ፤ ወደ ታች ብዙ ሜትር ያሳይ የነበረው ውሃ ደፈረሰ። የሚያጥበው ወንዝ ቢኖር ምናልባት ይካስ ነበር። መውጫ በሌለው ውሃ ግን ትንሽ የሚመስል ለውጥ ዓመታት ይቆያል።

አሁን ወደ ድንኳኑ።

ከሐይቁ ጠርዝ ያለው ለጥ ያለ ሣር ዓይን ይስባል፤ ብዙ ሰው ተሳስቶ እዚያ ይተክላል። ሁለት ነገር ይከለክላል። አንደኛው ብርዱ ነው። ሌሊት ከተራሮቹ ላይ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ከሐይቁ ከሚወጣው እርጥበት ጋር ሲገናኝ ጉም ይሆናል፤ ጠዋት ድንኳናችሁ ውስጡም ውጪውም ርሷል። ከሜዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ያደረ ሰው ደርቆ ይነሳል፤ የድንኳኑን በር ወደ ምሥራቅ ካዞረ ፀሐይም ቶሎ ታገኘዋለች። ሁለተኛው ሜዳው ግጦሽ መሆኑ ነው። ከብቱ ማለዳ ይመጣል፤ እረኛው ቦታው የእሱ እንደሆነ ያውቃል፤ እናንተ ግን አታውቁም።

ስለዚህ ሳይጠይቁ መትከል ነውር ነው። የምትጠይቁት ደግሞ በቅርብ ያለውን ቤት ነው። ይህ አገር የመሸበት ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ቢል ጎኑን የሚያሳርፍበት አገር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አይለያይም። ችግራችሁ መከልከል ሳይሆን የግብዣው ብዛት ይሆናል። አባወራው ድንኳኑን አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ ቤት እያለ ሜዳ ላይ ማን ያድራል? ነገ ሰው ምን ይለኛል?» ይሏችኋል። በእሳቸው ዓይን እናንተ ውጭ ስታድሩ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። ገብቶ ቡና መጠጣት፣ መመረቅ፣ ከዚያ «አባባ፣ ወፎቹን በማለዳ ልናይ ነው፤ ደጅዎ ላይ ይፍቀዱልን» ማለት ነገሩን ያበርደዋል። ያን ጊዜ ድንኳናችሁ በአጥራቸው ጥግ ይተከላል፤ ውሻቸውም የእናንተ ዘበኛ ይሆናል። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለውን ጅብ መምሰል ግን አያምርም፤ ላደራችሁበት ክፈሉ፤ አይቀበሉም፤ ስኳርና ቡና ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን እምቢ የሚል የለም።

እውነተኛው ጅብ ደግሞ አለ። ሥጋ ይዛችሁ ድንኳን ውስጥ አትተኙ። እሳት የማይፈልግ ስንቅ ከሁሉ ይሻላል፤ አያቶቻችን በሶና ቆሎ፣ ጭኮና ዳቦ ቆሎ ይዘው አገር ያቋረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሻይ ለማፍላት ቡታ ጋዝ ያዙ። ወይራው ቢደርቅም ቢወድቅም አትንኩት፤ ደኑ የተረፈው ሰው ስለተወው ነው። የሐይቁን ውሃ ከብት ይጠጣዋልና ሳታፈሉ አትጠጡት። መዋኘት ለሚያምረው፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ ብርዱ ጡንቻ ያስራል።

ሳሙናው የምዕራፉ ልብ ነው። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ልብስ ማጠብ፣ ድስት ማጠብ፣ ገላን መታጠብ የተለመደ ነው፤ በጎሊና ወንዝ ዳር ብታደርጉት ጎርፉ ይዞት ይሄዳል፤ ደግ ሥራ ነው ባልልም። አሸንጌ ግን ይዞት የትም አይሄድም። ውሃ በባልዲ ቀድታችሁ ከጠርዙ ከ60 እስከ 70 እርምጃ ራቁ፤ እጣቢውን አፈር ላይ ድፉት፤ አፈሩ ያጠራዋል። መጸዳጃም እንዲሁ፤ ከውሃ ርቆ፣ በስንዝር ጉድጓድ፣ አፈር ተመልሶበት። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ወደ መጡበት ከተማ ይመለሱ።

በክረምት ላይ የሚመጣ ሰው ድንኳኑን ቢተወው ይሻላል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከሆነ ግን ቆቦ ይቁም፤ የራያ ልጃገረዶች በሶለል በዓል በየደጁ ሲዘፍኑ ማየት ርሶ ከማደር ይበልጣል።

ጸጥታው ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። በዚህ ሐይቅ አካባቢ፣ ወፍላ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1542 ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የክሪስቶቮ ዳ ጋማን የፖርቹጋል ጦር ድል አደረጉ፤ አዛዡም ተይዞ ተገደለ። እ.ኤ.አ. በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ዝሆንና በቅሎ ጭኖ ወደ መቅደላ ሲያልፍ አሸንጌ ዳር ሰፍሯል። ከሁሉ የከፋው መጋቢት 1928 ነው። የማይጨው ውጊያ መጋቢት 22 ቀን ሆነ፤ ወደ ኮረም የሚያፈገፍገው ሠራዊት ሐይቁን ይዞ ሲወርድ መጠለያ በሌለው ሜዳ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብና የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡበት። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ወደ ላሊበላ ዞሩ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጄኔቭ ሆነው ስለተመረዙ ወንዞችና ሐይቆች ለዓለም ተናገሩ። ወፍ ልታዩ በተቀመጣችሁበት ሜዳ ላይ ስንት ሰው እንደወደቀ ማሰብ ግድ ነው። ኮረምም ቢሆን ዓለም ያወቃት በሌላ ድንኳን ነው፤ በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያሳዩት የረሃብ መጠለያ እዚህ ነበር፤ ከራያ፣ ከላስታና ከዋግ የተሰደደው ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶት ነበር። የሽማግሌ ሰው ፊት ድንኳን ሲያይ ቢለወጥ አይግረማችሁ።

ከ2013 ወዲህ በነበረው ጦርነት ቆቦም፣ አላማጣም፣ ኮረምም ብዙ ከፍለዋል፤ የአስተዳደሩ ጥያቄም እያወዛገበ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ወሬ ጠይቁ፤ የሚጠየቅ ቢሮ ባይኖርም መናኸሪያ ያለ ሾፌር ያውቃል። ካልሆነ አትሂዱ፤ ሐይቁ 17 ሺህ ዓመት ጠብቋል።

አንድ ነገር ለአካባቢው ሰዎችና ለወረዳ ባለሥልጣናት እላለሁ። ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ መቄት ላይ፣ ገበሬው ራሱ ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርቶ መንገደኛ እያሳደረ ገቢውን ለማኅበረሰቡ የሚያውልበት ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ታይቷል። መቋት ማርያም የዚያ ምሳሌ ናት። አሸንጌም ቢሆን ሆቴል አያስፈልገውም። ከጠርዙ ራቅ ብሎ አሥር ድንኳን የሚበቃው ተዳፋት፣ ሁለት ደረቅ መጸዳጃ፣ የእጣቢ ጉድጓድ፣ ከመንደሩ ወጣቶች ተራ የሚገባ ዘበኛ ይበቃዋል። አገሩ ሰላም ሲውል እንግዳው መምጣቱ አይቀርም፤ ሳሙናውን ይዞ ሐይቁ ጠርዝ ላይ ከመቀመጡ በፊት ቦታው ይዘጋጅ።